አዲስ የካንሰር መድኃኒት ሲታዘዝ፦ ቤት ከመሸጥ በፊት ጥቅሙንና ዋጋውን እንዴት እንመዝነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጋር ያለ ፋርማሲ ውስጥ ነው ምሰራው። የካንሰር መድኃኒት እኛ ጋር የለም፣ ግን ሰው ከሆስፒታል ሲመለስ ማዘዣውን ይዞ መጀመሪያ ሚገባው ሚያውቀው የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ነው፣ ጥያቄውም ያው ሁለት ነው፣ ስንት ነው እና የት ይገኛል። ምን ያህል ይጠቅማል ብሎ ሚጠይቅ ብርቅ ነው። ውድ ከሆነ ያድናል፣ አዲስ ከሆነ ከድሮው ይበልጣል ብሎ ሁሉም ያስባል፣ ከዛ እድር ይሰበሰባል፣ እቁብ ቅድሚያ ይለመናል፣ ቤቱ ደላላ እጅ ይገባል። የካንሰር መድኃኒት ላይ ግን ዋጋና ጥቅም አብረው አይሄዱም። በጣም ርካሽ ሆኖ ብዙ ሰው ሚያተርፍ አለ፣ ቤት አሸጦ አስር ቀን ሚጨምርም አለ፣ እያጋነንኩ አይደለም፣ ቁጥሩን ታች አመጣዋለሁ።

ስለዚ ማዘዣው እጃችሁ ሲገባ ምን እንደምትጠይቁና መልሱን እንዴት እንደምታነቡት ልጻፍላችሁ። ሐኪም ለመተካት አይደለም፣ ይሄን አንብቦ የጀመረውን ኪሞ ሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር አደራ።

መጀመሪያ ወረቀቱን አሟሉ

የመድኃኒቱን የንግድ ስምም የራሱን ስምም ጻፉ። ኸርሴፕቲን ከተባላችሁ መድኃኒቱ ትራስቱዙማብ ነው፣ ግሊቬክ ኢማቲኒብ ነው፣ ኪትሩዳ ፔምብሮሊዙማብ ነው። ዋጋ ስታጠያይቁ በንግድ ስሙ ብቻ ከጠየቃችሁ ሌላ ፋብሪካ ሚያመርተውን ርካሹን ማንም አይነግራችሁም። ከዛ የካንሰሩ ዓይነት፣ ስቴጁ (ምን ያህል እንደተሰራጨ)፣ የባዮፕሲው (የናሙናው) ውጤት፣ እና የመድኃኒቱ ልዩ ምርመራ።

ይቺ ምርመራ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ ሚባክነው እዚህ ነው። አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ካንሰሩ አንድ የተለየ ምልክት ከሌለው አይሰሩም። ትራስቱዙማብ ኸር 2 ሚባለው ፕሮቲን ለበዛበት የጡት ካንሰር ነው፣ ያ ደግሞ ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚ ከ15 እስከ 20 ሚሆኑት ላይ ነው ሚገኘው። አይ ኤች ሲ ሚባለው ምርመራ 3+ ካለ ይሰራል፣ 0 ወይም 1+ ካለ ትራስቱዙማብ አይጠቅማችሁም፣ 2+ ካለ ደግሞ ፊሽ ሚባል ሁለተኛ ምርመራ ሳይሰራ መወሰን አይቻልም። ኦሲመርቲኒብ ለሳንባ ካንሰር ሲታዘዝ ኢ ጂ ኤፍ አር ሚባለው የጂን ለውጥ መኖሩ መታወቅ አለበት፣ ፔምብሮሊዙማብ ለሳንባ ሲሆን ደግሞ ፒ ዲ ኤል 1 ሚባል ካንሰሩ ላይ ያለ ፕሮቲን ይለካል። ናሙናው ለምርመራ ውጪ ሀገር ይላካል ብትባሉና ዋጋው ቢያስደነግጣችሁ እንኳ መድኃኒቱን በጭፍን ከመጀመር በብዙ ይረክሳል። የመጀመሪያው ብር ምርመራው ላይ ይውጣ፣ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፣ ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቁት፦ ይሄ ሕክምና ለማዳን ነው ወይስ ዕድሜ ለማርዘም? ኦፕራሲዮን ተደርጎ ካንሰሩ እንዳይመለስ ሚሰጥ መድኃኒትና ተሰራጭቶ ላለ ካንሰር ሚሰጥ መድኃኒት ስማቸው አንድ ቢሆንም ሚዛናቸው አንድ አይደለም። ይሄን ጥያቄ ቤተሰብ ይፈራዋል፣ ምክንያቱም እኛ ጋር እናትየዋ "ጨጓራ ነው፣ ትንሽ እጢ ነገር ናት" ተብላ ልጆች ብቻ ኮሪደር ላይ ነው ሚመክሩት። እና ቤቷ የሚሸጠው ሴትዮ ቤቷ ለምን እንደሚሸጥ አታውቅም ማለት ነው። ቢያንስ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ጠይቋት። ብዙ ሰው "ገንዘቡን ለልጆቹ ተዉት፣ ሕመሙን ብቻ አስታግሱልኝ" ሊል ይችላል፣ ሌላው ደግሞ የልጁን ሰርግ ለማየት ሁለት ወር ምንም ያክል ቢያስከፍል ይፈልጋታል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን መልሱ የሷ ነው።

ጥቅሙን በወርና በሰው ቁጥር ጠይቁ

"ይጠቅማል" ሚለው መልስ አይደለም። ምን ያህል፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ ምኑን ነው ሚጠቅመው በሉ።

የቆሽት ካንሰር ላይ ኤርሎቲኒብ ሚባል ክኒን ከድሮው ኪሞ ከጌምሲታቢን ጋር ተጨምሮ ተሞክሮ በፈረንጆቹ 2005 አሜሪካ ተፈቀደ። ማስታወቂያው እንዴት ሊጻፍ ይችላል መሰላችሁ፣ የሞት አደጋን በ18 በመቶ ቀነሰ። ውሸት አይደለም። ግን ግማሾቹ ታማሚዎች በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ከ5.91 ወር ወደ 6.24 ወር ነው የሄደው፣ ስታሰሉት አስር ቀን ገደማ። በመቶኛ ሲነገራችሁ ሁሌ ወደ ወር ወይም ወደ "ከ100 ሰው ስንቱ" አስቀይሩት።

አሁን ሌላውን እዩ። ትራስቱዙማብ ገና ላልተሰራጨ ኸር 2 ያለበት የጡት ካንሰር ከኪሞ ጋር ሲሰጥ፣ 10 ዓመት ላይ ከ100 ሴት በሕይወት ያሉት ከ75 ወደ 84 ከፍ አሉ፣ ዘጠኝ እናት ማለት ነው። ኢማቲኒብ ደግሞ ሲ ኤም ኤል ለሚባለው የደም ካንሰር በ2001 ተፈቅዶ ዋናው ጥናት ላይ ከ10 ዓመት በኋላም ከ100 ሰው 83ቱ በሕይወት ነበሩ። እሱ እንግዲህ እውነተኛ ለውጥ ነው። እና ማንም ሚረሳት ታሞክሲፌን አለች፣ አሮጌ፣ ርካሽ፣ ክኒን፣ የሆርሞን ምልክት ላለበት የጡት ካንሰር 5 ዓመት ከተወሰደች በዛ ካንሰር መሞትን በሲሶ ገደማ ትቀንሳለች። አዲስ ነገር ፍለጋ ስትሯሯጡ ታሞክሲፌኗን በአግባቡ እየወሰደች መሆኗን ማን አየ?

አማካይ ወር ብቻም አታላይ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ኢሚውኖቴራፒ ሚባሉት፣ የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ ሚያነሳሱት ላይ፣ ምክንያቱም ብዙው ሰው ምንም ላያገኝ ጥቂቱ ግን ረጅም ዓመት ይኖራል። ፒ ዲ ኤል 1 50 በመቶና ከዛ በላይ የሆነ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ላይ ፔምብሮሊዙማብ ከወሰዱት 5 ዓመት ላይ ከ100 ሰው 32ቱ በሕይወት ነበሩ፣ በኪሞ ከጀመሩት 16ቱ። ለነዚህ "ሦስትና አምስት ዓመት ላይ ስንት ሰው አለ" ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ምኑ እንደተለካ። ጥናቶች ሁለት ዓይነት ጊዜ ይለካሉ፣ ሰውዬው በሕይወት የቆየበትንና ካንሰሩ በስካን ሳያድግ የቆየበትን። ሁለተኛው ቶሎ ይታወቃል፣ ለኩባንያም ይመቻል፣ ግን ስካኑ ላይ እጢው ቆሟል ማለት ሰውዬው ዕድሜ አገኘ ማለት አይደለም። አቫስቲንን (ቤቫሲዙማብ) እንደ ምሳሌ እዩት፣ በ2008 አሜሪካ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ተፈቀደ፣ ካንሰሩ ሳያድግ የቆየበት ጊዜ ከ5.9 ወደ 11.8 ወር ስለዘለለ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ዕድሜ ላይ ግን ሚታመን ልዩነት አልተገኘም፣ በኋላ የመጡት ጥናቶች ደግሞ ያንን ስድስት ወር ራሱ አልደገሙትም፣ በ2011 ለጡት ካንሰር የነበረው ፈቃድ ተነሳ። ለሌሎች ካንሰሮች አሁንም ይሰራበታል። እንግዲህ በነዚያ ሦስት ዓመታት ስንቱ ገዛው።

"ግን ተፈቅዷል እኮ" ሚል ሰው አይጠፋም። ከ2009 እስከ 2013 አውሮፓ 48 የካንሰር መድኃኒቶችን ለ68 ዓይነት ሕክምና ፈቅዳ ነበር፣ በ2017 ቢ ኤም ጄ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሲቆጥራቸው 39ኙ ወደ ገበያ ሲገቡ ዕድሜ እንደሚያረዝሙ ወይም ኑሮ እንደሚያሻሽሉ ማስረጃ አልነበራቸውም። አሜሪካም ከ2002 እስከ 2014 ለጠጣር እጢ (የደም ላልሆኑ) ካንሰሮች በፈቀደቻቸው 71 መድኃኒቶች ላይ የተገኘው ተጨማሪ ዕድሜ መካከለኛው 2.1 ወር ነው። ፈቃድ ማለት መሸጥ ይቻላል ማለት ነው፣ ይሄን ያህል ዋጋ ያወጣል ማለት አይደለም።

ቁጥሩን ራሳችሁ መፈለግ ከከበዳችሁ ሌላ ሰው መዝኖላችኋል። የአውሮፓ የካንሰር ሐኪሞች ማህበር ኤስሞ ከ2015 ጀምሮ መመዘኛ አለው፣ ኤም ሲ ቢ ኤስ (ESMO-MCBS) ይባላል፣ ዌብሳይቱ ላይ በነጻ ነው ሚታየው። ለማዳን ሚሰጡትን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ፣ ለተሰራጨ ካንሰር ሚሰጡትን ከ5 እስከ 1 ያወጣል። ኤ፣ ቢ፣ 5 እና 4 ትልቅ ጥቅም ናቸው። የመድኃኒቱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ከመመዘኛው ስም ጋር ጉግል ላይ ጻፉና ካርዱን ክፈቱ፣ ግን የናንተን ካንሰርና ስቴጅ መሆኑን አረጋግጡ፣ አንዱ መድኃኒት ለአንዱ ካንሰር 5 ለሌላው 2 ሊያገኝ ይችላል። ዋጋ እዛ ውስጥ የለም፣ ጥቅም ብቻ ነው ሚመዝነው፣ እሱም ጥሩ ነው፣ እንዳይምታታ። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም ይረዳል፣ እዛ ለመግባት አዲስ የካንሰር መድኃኒት በጥቅሉ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ወር ዕድሜ መጨመር ይጠበቅበታል። ኢማቲኒብና ትራስቱዙማብ በ2015 ገቡ፣ በ2025 ደግሞ ፔምብሮሊዙማብ ለተሰራጨ የማህጸን በር፣ የትልቁ አንጀትና የሳንባ ካንሰር ገብቷል።

የኔን አቋም ከጠየቃችሁ፣ 1 ወይም 2 ላገኘ መድኃኒት ንብረት አልሸጥም፣ ለ4 እና ለ5፣ ለኤ እና ለቢ እድሩንም ዘመዱንም ዲያስፖራውንም አስቸግራለሁ፣ 3 ላይ ከታማሚው ጋር ቁጭ ብዬ አወራለሁ።

ጥናቱ ላይ የነበረው ሰው እናንተን ይመስላል ወይ

ብዙ ጥናቶች ሚቀበሉት ራሱን ችሎ ሚሄድ፣ ቀላል ሥራ ሚሰራ ሰው ነው። አባትዬው ከቀኑ ግማሽ በላይ አልጋ ላይ ከሆነ፣ ኩላሊቱም ከደከመ፣ ያ "ስድስት ወር ይጨምራል" የተባለው ቁጥር የሱ አይደለም፣ ያነሰ ነው ሚሆነው፣ ሳይድ ኢፌክቱ ደግሞ ይብሳል። ንጽጽሩንም እዩት፣ አዲሱ መድኃኒት ከጥሩ ሕክምና ጋር ነው የተወዳደረው ወይስ ማንም ከማይሰጠው ደካማ ነገር ጋር? ሁለተኛው ከሆነ ማሸነፉ አይገርምም።

እና ርቀት። እኛ ዳር ነን። ትራስቱዙማብ ልብ ሊያደክም ስለሚችል በየሦስት ወሩ ገደማ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያስፈልጋል፣ ኢሚውኖቴራፒ ሳንባና አንጀት ሊያስቆጣ ይችላል፣ ያኔ በሰዓታት ውስጥ ሚያውቅ ሐኪም ጋር መድረስ አለባችሁ። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ታማሚ ይዞ መሀል ከተማ መግባት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የማን ስልክ እንደሚደወልና መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይወሰን።

ዋጋውን እስከ መጨረሻው ደምሩ

"አንዱ ብልቃጥ ስንት ነው" ሚለው ጥያቄ ያሳስታል። ጥያቄው ሙሉ ሕክምናው ስንት ብልቃጥ ነው ነው። አብረን እንስራው፣ 60 ኪሎ ሴት፣ ትራስቱዙማብ፣ በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ዓመት። የመጀመሪያው ዶዝ በኪሎ 8 ሚሊግራም ስለሆነ 480፣ ቀጣዮቹ 17 ዙሮች በኪሎ 6 ስለሆነ እያንዳንዳቸው 360፣ ጠቅላላ 6,600 ሚሊግራም። 440 ሚሊግራሙ ብልቃጥ ከሆነ ሚገዛው፣ በየዙሩ አዲስ ተከፍቶ የተረፈው ከተጣለ 19 ብልቃጥ ያልቃል። ያ ብልቃጥ ግን ማቆያ ኬሚካል ካለው ከራሱ ውሃ ጋር ከተበጠበጠ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ 28 ቀን ይቆያል፣ ቀጣዩ ዙር በ21 ቀን ስለሆነ የተረፈውን ሆስፒታሉ ስም ጽፎ ካስቀመጠላችሁ 16 ብልቃጥ ይበቃል። የሦስት ብልቃጥ ልዩነት! ይሄ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ሚሰራ ነገር አይደለም፣ ሆስፒታሉን ነው ምትጠይቁት፣ ያሉት የብልቃጥ ዓይነቶችም ይለያያሉና መለያውን አንብቡ።

የጊዜውንም ርዝመት ጠይቁ። ፐርሴፎኒ ሚባለው የእንግሊዝ ጥናት ትራስቱዙማብን 6 ወርና 12 ወር ሰጥቶ ሲያወዳድር 4 ዓመት ላይ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የቆዩት 89.4 እና 89.8 በመቶ ነበሩ። መደበኛው አሁንም አንድ ዓመት ነው፣ ግን ገንዘቡ ለዓመት ካልበቃ "ጨርሶ አልጀምርም" ከማለት በፊት ስለ ስድስት ወሩ ከሐኪሙ ጋር ማውራት ይቻላል። ዶዝ ላይም እንደዛው፣ ሙምባይ ታታ ሆስፒታል የራስና አንገት ካንሰር ላይ ኒቮሉማብ ሚባለውን ኢሚውኖቴራፒ በጣም ትንሽ ዶዝ፣ 20 ሚሊግራም በየሦስት ሳምንቱ፣ ከዝቅተኛ ዶዝ የክኒን ኪሞ ጋር ሰጥተው አንድ ዓመት ላይ በሕይወት ያሉት ከ16 ወደ 43 በመቶ ከፍ ብለዋል። ራሳችሁ ዶዝ ቀንሱ ማለቴ አይደለም በፍጹም፣ ሐኪሙን ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው።

"ካንሰሩ እስኪያድግ ድረስ" ተብሎ የታዘዘ ከሆነ ማብቂያ የለውምና በወር አስሉት፣ ከዛ ስንት ወር መግዛት እንደምትችሉ በሐቅ ቁጠሩ። ለሀሳብ ያህል ፔምብሮሊዙማብ አሜሪካ የዝርዝር ዋጋው ለአንድ ዙር ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ እስከ 35 ዙር ሊሄድ ይችላል፣ አባዙት። እኛ ጋር ደግሞ በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተነገራችሁ ዋጋ ከሦስት ወር በኋላ ያው ይሆናል ብላችሁ አትመኑ፣ ከላይ መጠባበቂያ ጨምሩ። ኤኮ፣ የደም ምርመራ፣ ሲቲ፣ ራይድ፣ አስታማሚዋ ከሥራ ስትቀር ሚቀረው ደሞዝ፣ ሁሉም ይደመር። አራት ወር ተወስዶ በገንዘብ እጦት ሚቆም ሕክምና ብዙ ጊዜ ገንዘቡንም ጥቅሙንም ነው ሚያሳጣው።

ከግል ከመግዛት በፊት

መንግሥት ሆስፒታል ከሆናችሁ መጀመሪያ የራሱን ፋርማሲ፣ ከዛ ሶሻል ወርከሩን አግኙ። በመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በኩል ሚመጣ መድኃኒት ውጪ ካለው ዋጋ ጋር አይገናኝም፣ ችግሩ አንዳንዴ መጥፋቱ ነው፣ ስለዚ መቼ ይመጣል ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ኢማቲኒብ ለሲ ኤም ኤል ታማሚዎች በዕርዳታ ፕሮግራም ጥቁር አንበሳ ሲሰጥ ቆይቷል፣ ይሄን ሳያውቅ በግል ሚገዛ ሰው አሁንም አለ። የጤና መድህን ወይም የወረዳ የነጻ ሕክምና ወረቀት ካላችሁ ምን ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አስነግሩ። ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ፣ ሕመሙ ከበረታ ደግሞ ሆስፒስ ኢትዮጵያን፣ ሞርፊን ርካሽ ነው፣ ውድ መድኃኒት እየወሰደ በሕመም ሌሊቱን ሚያድር ሰው መኖር የለበትም።

ባዮሲሚላር ሲባል አትፍሩ፣ ከፈረንጁ ብራንድ ሌላ ፋብሪካ የሰራው ተመሳሳይ ማለት ነው፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመዘገበው ከሆነና ሐኪሙ ከተስማማ ያው ሥራ ይሰራል። የሻንጣውን ግን ፍሩ። ዱባይ ወይም ዴልሂ ደርሶ የመጣ ሰው "ኦሪጂናል ነው" ብሎ በቴሌግራም ሚሸጠው መርፌ መንገድ ላይ ስንት ዲግሪ ላይ እንደነበር ማን ያውቃል? በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት አይክሉሲግ ሚባል ውድ የደም ካንሰር ክኒን ማሸጊያ ውስጥ ፓራሲታሞል ተገኝቷል ብሎ አስጠንቅቋል፣ ከኛ የተሻለ ቁጥጥር ያላቸው ሀገሮች ገበያ ውስጥ ነበር ያውም። ሪሲት፣ የባች ቁጥር፣ ኤክስፓየር ዴት፣ በረዶ ሳጥን፣ አንዱ ከጎደለ አትግዙ።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ

ሐኪሙ ውጪ ሰልፍ አለበት፣ አስር ደቂቃ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግቡ፣ ሚያወራው አንድ ሰው ይሁን፣ ሌላው ይጻፍ። እንዲህ በሉት፦ ዶክተር፣ ዓላማው ማዳን ነው ማርዘም? ያለዚህ መድኃኒት ምን ይሆናል፣ ከሱ ጋርስ? ይሄ መድኃኒት ሚፈልገው ምርመራ ተሰርቷል? ባንችል ቀጣዩ ጥሩ አማራጭ ምንድነው? ሚከፋ ሐኪም ካለ የጥያቄውን መልስ ነርሷ ወይም የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ጋር ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ጊዜ አላቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ከስንት ዙር በኋላ ነው መስራቱን ምናየው ሚለው ነው፣ በስካን ይሁን በደም ምርመራ፣ ቀኑ ይነገራችሁ፣ ካልሰራ እንደሚቆምም ከመጀመሪያው ተስማሙ። መድኃኒቱንም እስከዛ ቀን ሚበቃውን ብቻ ግዙ። ዋጋ ሊጨምር ነው ብላችሁ የዓመቱን አንዴ ብትገዙና ስካኑ አልሰራም ቢል፣ ፍሪጅ ሚፈልግ መድኃኒት አንዴ ከፋርማሲ ከወጣ መልሶ ሚቀበላችሁ የለም፣ እኔም ብሆን አልቀበልም።